ለሻይ

ሐምሌ ሃያ ዘጠኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደልቅ፣
ሰልፉ ከደረጃው ወርዶ በቸርችል ቁልቁል ሲዘልቅ፣
እኔ ከመስታወቱ ኋላ፣ መስኮት ቁጥር ስድስት፣
ማኅተም በቀኝ እጄ፣ በግራዬ የረጠበ ብስኩት።

ባለ ጋራዡ ይምላል፤ «ግምቱ በዛ» ይላል፤
ባለ ፀጉር ቤቷ ታለቅሳለች፤ ባለ ሥጋ ቤቱ ይስላል፤
ሰው ሁሉ ያለውን ሊያሳንስ ጉሮሮውን ጠርጎ ይቆማል።
አሥራ ሁለት ዓመት ሰማሁት። ጆሮም እንደ ወንበር ያረጃል።

ከዚያ እሱ መጣ፤
ጃኬቱ ዝናብ ጠጥቶ፣ ከፌስታል ውስጥ ደረቅ ወረቀት አወጣ።
ሙጅታባ ይባላል። የኦምዱርማን ልጅ፤ ከለገሃር ጀርባ ነው ቤቱ፤
አማርኛው ገና ሦስት ዓመቱ።
«ግብር ልከፍል» አለኝ።
«ማን ጠራህ?»
«ማንም።»

«ሥራህ?»
«ገጽ አለኝ፤ ሰው በስልኩ በነፃ ያየዋል፤
በእኛ ሰፈር ዛሬ የትኛው ዳቦ ቤት እሳት አንድዷል፣
የትኛው ቧንቧ ውሃ አለው፣ በየትኛው መንገድ ይታለፋል።
እዚያ ያሉት ይነግሩኛል፤ እኔ ማታ ማታ እጽፋለሁ።»
«ትሸጣለህ?» «አልሸጥም።» «ማስታወቂያ?» «የለበትም።»
«ታዲያ ገቢው ከየት?»
«ከታች አንዲት መስመር አለች። የፈለገ ይሰጣል፣ ያልፈለገ አይሰጥም።
ሁለት ዶላር፣ ሦስት ዶላር፤ ከማልሞ፣ ከዶሃ፣ ከካምፓላ።
ስማቸውን አላውቅም። አንዳንዱ ‹ለሻይ› ብሎ ይጽፋል ከኋላ።»

ለሻይ!
ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ በዓይኔ ጠቀስኩት፤
ይህችን ቃል በዚህ ቤት ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ገና ዛሬ አየሁት።
እኛ ጋ ለሻይ ማለት በፋይል መሀል የሚታጠፍ ነው፤
ሻይም የለው፣ ስኳርም የለው።
እሱ ግን ዘርዝሯታል፣ ከነቀኗ፣ ከነሳንቲሟ፣ በሰማያዊ ቀለም።

ቅጹን ገለጥኩ። ደመወዝ? አይደለም። ኪራይ? አይደለም። ንግድ? ሸቀጡ የታል?
ስጦታ እንዳልል ሰጪው አራት መቶ ነው፤ ምጽዋት እንዳልል፣ መቼ ለምኗል?
ሰጪው ባንድ አገር፣ ገንዘቡ የተኛበት ባንክ በሌላ፣
ዳቦው በሦስተኛ፣ እሱ በአራተኛ፣ ከኔ መስኮት ፊት፣ ያለ ጃንጥላ።
ከግርጌ ጠባብ ሳጥን አለች፣ «ሌላ» የምትል፤
እሷም ብትሆን «ይገለጽ» ትላለች። ምን ብዬ ልገልጽ?

ወደ ኃላፊው ወጣሁ። አቶ ገብረየስ መነፅሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ
ሦስቴ አነበበና ጻፈበት፣ «ይጠና» ብሎ።
በዚህ ሕንፃ ይህ ቃል ያረፈበት ወረቀት ጢም ያበቅላል።

«ይጠናል» አልኩት ተመልሼ፤ «እስከዚያ አትክፈል።»
ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ቅር አለው።
«ደረሰኙስ? ለሰዎቹ ላሳያቸው ነበር፣ ሻያቸው የት እንደደረሰ፤
ምናልባት በዚህ ቁልቁለት አንድ ክንድ መንገድ እንዳለበሰ።
እሄድበታለሁ እኮ፣ በየቀኑ።»

ግብር፤ ድሮ ቃሉ የድግስም ነበረ፣
እኛ ጋ ሲደርስ ቅጽ ሆኖ ቀረ።
የሰው ግብሩ ሲሉ ግን ሥራው ነው፣ ጠባዩ ነው።
ይኸን ለየትኛው ሳጥን እንሙላው?

ማታ ገጹን ከፈትኩ። አረብኛ አላነብም፤
አንዲት አረንጓዴ ነጥብ አየሁ፤ ዳቦ ሳትሆን አትቀርም።
መስመሯን ነካሁ፣ ሁለት ዶላር ልሰጥ። ካርዴ እምቢ አለ፤
የእኛ ብር ድንበር አያልፍም።
ሰውየው ያለው ከለገሃር ጀርባ፤ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም።

በማግስቱ፣ ሐምሌ ሠላሳ፣ መስኮቴን ዘግቼ ጠራሁት፤
ከፖስታ ቤቱ ማዶ፣ ጠባብ ሻይ ቤት አስቀመጥኩት።
ሁለት ሻይ መጣ፤ እውነተኛ፣ የሚፋጅ፣ በብርጭቆ።
አራት ማንኪያ ስኳር ጨመረ። አማሰለ። ቆይቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ስቆ፣
«በዚህኛውስ ላይ» አለኝ፣ «ግብር አለበት?»

«ይጠና» አልኩት።